የገዱ ጭቃ

ጀልባዋ በአይሱዙ ተጭና በሊማሊሞ ወረደች። ሚያዝያ ነበር። ጉሙ ከገደሉ ስላልተነሳ መጀመሪያ የሰማነው የመኪናውን ፍሬን ነው። ቀጥሎ ከጉሙ ውስጥ የጀልባ አፍንጫ ብቅ አለ። የተሸከማት መኪና ገና አልታየም። በለጠች ሻይ እየቀዳች ነበር፤ እጇ በአየር ላይ ቀረ።

«አያ አሻግሬ፣ እኔ ብቻ ነኝ ወይስ እርስዎም ያያሉ?»

«አያለሁ።»

«እንግዲያ የኖኅ ዘመን ተመልሷል። አንድ ፍየል አለችኝ፤ ባል ግን የላትም። እኔም የለኝ። አይጭኑንም።»

ውሃችን ሽመል ውሃ ይባላል። ከሊማሊሞ ተወርዶ ወደ ዛሪማ ሲኬድ ከመንገዱ በታች ነው። ለመስኖ ተብሎ ወንዙ ተገደበ። ውሃው ሲሞላ ያልተቆረጡት ዛፎች ውስጡ ቀሩ። ዛሬም ደርቀው እንደ ቆሙ ናቸው፤ ወፍ እንኳ ብዙ አይቀመጥባቸውም። የመስኖውን በር የምከፍተውና የምዘጋው እኔ ነኝ። በለጠች ዳር ላይ ዳስ ሠርታ ሻይ ትሸጣለች፣ ዓሣ ትጠብሳለች።

ጀልባዋን የገዛት የዳባቱ ነጋዴ ሸሀቡ ነው። እህል ይነግድ ነበር። ከማዶ ያሉ ሰዎች ወደ መንገድ ለመውጣት ውሃውን ዞረው ግማሽ ቀን ይሄዳሉ። እነሱን ላሻግር፣ ዓሣም ላስይዝ ብሎ ከጎርጎራ ከጣና ዳር ገዛት። ጀልባ ነጂውም ከጀልባዋ ጋር መጣ። ቢራራ ይባላል። ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነው። ከሹፌሩ አጠገብ ቦታ እያለለት ከላይ፣ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጦ ነው የወረደው። የደባርቅ ብርድ ከንፈሩን ሰንጥቆታል።

ጀልባዋ በርጥብ ማዳበሪያ ተሸፍና ነበር። የእንጨት ጀልባ ከውሃ ወጥታ ከቆየች ሳንቃው ይሸማቀቃል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል። ስለዚህ በየብስ ሲወስዷት በየመንገዱ እያቆሙ እንደ ከብት ውሃ ያጠጧታል። ዳባት አጠጧት፤ ደባርቅም አጠጧት።

በአፍንጫዋ በኩል፣ ከፊት መቀመጫው ላይ፣ አፉ የታሰረ ጆንያ ነበር። እሱም ርጥብ ነው። ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ ሊያወርደው ያዘው።

«ተወው!» አለ ቢራራ።

«ኧረ ይከብዳል! ምንድን ነው? ሬሳ ነው እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። ቢራራ አልሳቀም። ሰውየው እጁን ከጆንያው ላይ አነሣ።

ሸሀቡ ከመኪናው ወርዶ ጀልባዋን ዞራት። «እንግዲህ ስማ ቢራራ» አለ። «የወረዳው የዓሣ ባለሙያ፣ ሃና የምትባለው፣ ደባርቅ ላይ አግኝታኝ ነበር። ከሌላ ውሃ የመጣች ጀልባ ታጥባ፣ በፀሐይ ደርቃ ነው የምትገባ ብላለች።»

«ትታጠባለች። መድረቅ ግን አትደርቅም። ከደረቀች ጀልባ መሆኗ ይቀራል፤ ማገዶ ናት።»

«ልጅቱ ጣናን ስለ ወረረው እምቦጭ ብላ ነው።»

«የእምቦጭን ነገር ለኔ ነው የምትነግሩኝ?»

ከውሃው ርቆ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ በብሩሽ አጠባት። በሳንቃዎቹ መካከል በጥፍሩ እየገባ ለቀመ። መረቡን ቀዳዳ በቀዳዳ አየው። አመሻሹ ላይ ጠራኝ።

«አያ አሻግሬ፣ እርስዎ የውሃው ጠባቂ ነዎት አሉ። ይዩልኝ። አንዲት የእምቦጭ ቅጠል ካገኙ ምላሴን ይቁረጡኝ።»

አየሁ። ቅጠል አልነበረም።

ጀልባዋ ገባች። ክረምቱ እስኪጠና ድረስ ሥራው ጥሩ ነበር። የማዶ ሴቶች ገበያ በጊዜ ደረሱ፤ ነፍሰ ጡርም በቃሬዛ መዞሯ ቀረ። ቢራራ ግን እንደ ሌላ ጀልባ ነጂ አልነበረም። ከሞተሩ ሥር ቆርቆሮ አንጠልጥሎ ነበር፤ የሚንጠባጠበውን ዘይት እዚያ አጠራቅሞ ወጥቶ በአፈር ይቀብረዋል። ተሳፋሪ የላስቲክ ጠርሙስ ውሃው ላይ ቢወረውር ሞተሩን አጥፍቶ፣ ዞሮ፣ ያነሣዋል። ለወርዋሪው መልሶ ይሰጠዋል። ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡትን ከፍ ብለው እንዲያጥቡ ይለምናቸው ነበር።

«እናንተዬ፣ እዚህ የገባ መውጫ የለውም!» ይላል።

ጫጩት ዓሣ በመረብ ሲወጣ ይመልሰዋል። በለጠች ትናደድበታለች። «የመለስኸውን እኮ እኔ እጠብሰው ነበር» ትለዋለች። «ለከርሞ ትጠብሽዋለሽ» ይላታል። «ለከርሞ የማን ጥርስ ይኖራል ብለህ ነው?»

የፊት መቀመጫው ላይ ማንንም አያስቀምጥም። ጆንያው እዚያ ነው። ሰው እንዳይነካው በገመድ አስሮታል። ጀልባዋ ስትሞላ ሰው ከኋላ ተደራርቦ ይቀመጣል፤ የፊቱ ባዶ ይሄዳል።

«ያ ቦታ የሙሽራ ነው እንዴ?» አለችው በለጠች አንድ ቀን።

«ተይዟል።»

ብቻ ይህን አለ።  በኋላ በለጠች ወደኔ ጠጋ ብላ፣ «ሲመጣ ከሩቅ ሁለት ሰው አያለሁ» አለችኝ። «ሲቀርብ አንድ ነው።» ዓይኗን ታማ እንደ ሆነ ጠየቅኋት። ተቆጣችኝ።

ጠዋት ጠዋት በጣሳ ውሃ እየቀዳ ጆንያውን ያጠጣው ነበር። ውሃው በጆንያው ውስጥ አልፎ፣ ጠይም ሆኖ፣ ወደ ጀልባዋ ወለል ይወርዳል። እሱንም በጣሳው እየጨለፈ ወደ ውጭ ይደፋዋል። በየቀኑ እንዲህ ያደርግ ነበር። አየሁት። ሳንቃውን ለማርጠብ መስሎኝ ነበር።

ሰኔ ላይ የወንዙን መግቢያ ለማየት ከሱ ጋር ሄድሁ። ብቻችንን ነበርን። ከደረቁት ዛፎች መካከል ስንደርስ ሞተሩን አጠፋው። ጀልባዋ በዝምታ ትንሽ ሄደችና ቆመች። ጉም በውሃው ላይ ነበር። ከግንዶቹ በላይ ያለው አይታይም።

«ነዳጅ አለቀ?»

«አላለቀም። ይሰማዎታል?»

«ምን?»

«ቢላዋ። ብረት ላይ።»

አዳመጥሁ። ውሃው የጀልባዋን ጎን ይመታል። ሌላ የለም። ትንሽ ቆይቶ ከወደ ታች ጢቅ የሚል ነገር ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 

«እንጨት ነው» አልሁት። «ግንዱ ነክቶን ነው።»

«አዎ፣ እንጨት ነው» አለ። ፊቱን አዞረ። ከዚያ ወደ ፊት መቀመጫው እያየ ነገረኝ።

ታላቅ ወንድም ነበረው፤ ገዱ ይባላል። ጀልባዋን በእጁ የሠራት ገዱ ነው። ጣና ላይ አብረው ዓሣ ያጠምዱ ነበር። እምቦጩ መጣ። መጀመሪያ ለከብት መኖ ይሆናል ተባለ። ኋላ ዳሩን ዘጋው፤ መረብ መጣያ ጠፋ። አንድ ቀን ሞተሩ ውሃ ውስጥ የሚያሽከረክረው ብረት በእምቦጭ ሥር ተጠቅልሎ ቆመ። ገዱ ቢላዋ ይዞ ገባ። ቢራራ ከላይ ሆኖ ጀልባዋን በእንጨት ያዛት። ወንድሙ ከሥር ሲቆርጥ ቢላዋው ብረቱን ሲነካ ይሰማው ነበር። ነፋስ ተነሣ። ነፋስ ሲነሣ እምቦጩ ሁሉ አንድ ላይ ይሄዳል። ተንቀሳቀሰና ክፍቱን ዘጋው። ቢላዋው ትንሽ ጊዜ ተሰማ። ከዚያ ቆመ።

«ፈለግን። ቀናት ፈለግን። ያገሩ ሰው ሁሉ ወጣ። እምቦጩን እያነሣን ሥሩን አየን። አልተገኘም፣ አያ አሻግሬ። ለቅሶ ተቀመጥን። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ሰው ሊያጽናናን እየመጣ የት ቀበራችሁት ይለናል።»

«ጆንያውስ?»

«ከገባበት ዳር ያወጣሁት ጭቃ ነው። ወንድሜ ያለበት አፈር እሱ ነው። ሌላ የለኝም።»

«ለምን ታጠጣዋለህ?»

  «እሱ ያለው ውሃ ውስጥ ነዋ» አለ። ሞተሩን አስነሣው።

ክረምቱ ወጣ። መስከረም ላይ ነው አበባው የታየው።

በለጠች ናት ያገኘችው። ጀልባዋ ከምትታሰርበት አጠገብ፣ ከድንጋዮቹ መካከል፣ ሐምራዊ አበባ በቅሎ አየች። ቆርጣ በቲማቲም ጣሳ ውሃ አድርጋ ዳሷ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ያምር ነበር። መንገደኛ ሁሉ ያደንቀዋል፤ ሹፌሮች ስሙን ይጠይቃሉ። «መስቀል ነዋ፣ ቤቴንም ላስጊጥ እንጂ» ትላለች።

ቢራራ ሻይ ሊጠጣ ገባ። ጣሳውን አየው። አልተቀመጠም።

«ይኼን ከየት አመጣሽው?»

«ምነው? ካማረህ እሰጥሃለሁ።»

«ከየት ነው ያልሁሽ!»

ደነገጠች። በጣቷ ወደ ውሃው አመለከተች። እሱ ጣሳውን አንሥቶ እሳቱ ላይ ደፋው። ምድጃው ጨሰ፤ እሷም ጮኸች። እየሮጠ ወረደ። ተከተልሁት። ከጀልባዋ መታሰሪያ ጀምሮ ጎንበስ ብሎ ፈለገ። ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠሎች ነበሩ፤ አንገታቸው ያበጠ፣ ተንሳፋፊ። የምናያቸው ሣር መስለውን ነበር። ክረምቱን ሙሉ ሲያድጉ ኖረዋል።

«አጥቤአለሁ» አለ ቢራራ። «እርስዎ አይተዋል። ቅጠል አልነበረባትም።»

«አልነበረባትም።»

«ታዲያ ማን አመጣው?»

 ወደ ጆንያው አላየሁም። እሱም አላየም።

ሃና በማግስቱ ከደባርቅ መጣች። ወጣት ናት፤ ቦቲ ጫማ አድርጋ ሳትጠየቅ እስከ ጉልበቷ ገባች። አንዱን ነቅላ ሥሩን አየች። ሸሀቡም ከዳባት መጥቶ ነበር።

«እምቦጭ ነው» አለች። «ገና ነው፣ ይነቀላል። ግን ምንጩን ማወቅ አለብን። ጀልባዋ ደርቃ ነበር የገባችው?»

«ታጥባለች» አለ ሸሀቡ። «ወላሂ፣ ቅጠል አልነበረባትም።»

«ቅጠል አያስፈልገውም። ዘሩ ከአሸዋ ያንሳል፤ በዓይን ለይተህ አታየውም። ጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። ሞቃት ውሃ ሲያገኝ ይነሣል። ከጣና የመጣ ጭቃ የትም ቦታ ካለ፣ ከውሃ ርቆ፣ ደረቅ ቦታ፣ ጥልቅ ተቆፍሮ መቀበር አለበት። አለዚያ ዛሬ ብንነቅለው ነገ ይመጣል። ጣና ላይ የሆነውን አይታችኋል። ይህ ውሃ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ሁለት ክረምት አይፈጅበትም።»

ቢራራ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ሃና ለሁላችን ነው የተናገረችው። ሸሀቡ ወደ ጀልባዋ ዞሮ አየ፤ ጆንያው ግን የጀልባ ዕቃ መሰለው። ነገሩን የምናውቅ ሁለት ነበርን።

ሃና ስትሄድ ወደ ቢራራ ጠጋ አልሁ።

«ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሌላ መቃብር የለውም አያ አሻግሬ። ቅበረው ይሉኛል። ጭቃ ነው የምቀብረው ወይስ ወንድሜን? እሺ፣ ቀበርሁት። ከዚያ በኋላ ማን ይሆናል የሚጠብቀው?»

«ውሃውስ?»

«ውሃውን እኔ ነቅዬ አጠራዋለሁ። በእጄ። በየቀኑ።»

ነቀለ። እውነቱን ነው፤ በየቀኑ ነቀለ። ጎህ ሲቀድ ገብቶ ሰው ሊያሻግር እስኪጠሩት ድረስ እየነቀለ ወደ ላይ ይጥላል። ጠዋት የጸዳው ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይሞላል። ጆንያውን ማጠጣቱን ግን አልተወም። ወለሉ ላይ የወረደውን ውሃ አሁን በባልዲ ይዞ ወደ የብስ ይደፋል። ጆንያው ግን አፍንጫዋ ላይ ነው፤ ማዕበል ሲመታው ያነጥባል። ይህንን ያውቃል። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። እንጀራም ሲበላ አይታይም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጀልባዋ ዳር ታስራ ሳለ ጆንያውን አየሁት። ከስፌቱ አንድ ቅጠል ወጥቷል። ክብ፣ ለጋ፣ የሚያብረቀርቅ። ወደ ፀሐዩ ዞሯል። ቢራራ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«ሲወጣ አየሁት» አለኝ በሹክሹክታ። «ከጠዋት ጀምሮ። ጣት ነው የሚመስል።»

«ቢራራ፣ እምቦጭ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ። «አውቃለሁ፣ አያ አሻግሬ። ግን ልነቅለው እጄን ስሰድ እጄ አይታዘዘኝም።» ነጠላውን አውልቆ ጆንያውን ሸፈነው፤ ሕፃን እንደሚሸፈን አድርጎ።

ለማንም አልተናገርሁም። የወንድም ነገር ነው። ግን በየቀኑ እያየሁ ነበር። ደረቆቹ ዛፎች ያሉበት ሰርጥ ሞላ። ግንዶቹ መካከል አረንጓዴ ሆነ፤ ዓሣዎች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይገኙ ጀመር። ከሥሩ ያለው ውሃ ይሸታል። የማዶ ሰዎች በሸሀቡ ላይ አጉረመረሙ። ከብት የሚያጠጣ አንዱ ገበያ መሀል ቆሞ፣ «ጀልባ አመጣልን ብለን መርቀንህ ነበር፤ ለካ በሽታ ነው የጫንኸው» አለው። 

ኅዳር ላይ ሸሀቡ በዓይኔ ልየው ብሎ መጣ። ሦስታችን በጀልባዋ ሄድን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ከላይ የሰሜን ተራሮች ሁሉም ይታያሉ። ሰርጡ ውስጥ እንደገባን ሞተሩ አጉረመረመ፣ ተናነቀው፣ ቆመ። ቢራራ ጎንበስ ብሎ ውሃውን አየ።

«ተጠመጠመበት» አለ።

«ቢላ የለህም?» አለ ሸሀቡ። ኋላ ነው የተቀመጠው፤ ሞተሩ አጠገብ። ቢላዋውን ከእግሩ ሥር አገኘው።

«ተው ሸሀቡ። በእንጨት እየገፋን እንወጣለን።»

«ኧረ ይኼንማ እኔ እቆርጠዋለሁ! ጨፌ አይደለም እንዴ?»

ሸሀቡ የዳባት ሰው ነው። በሱ አገር እንዲህ አረንጓዴ የሆነ መሬት ጨፌ ነው፤ እግር ቢሰምጥበት እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ከብት ቆሞ ይግጥበታል። እምቦጩም ከላይ ሲያዩት እንደዚያ ነው፤ ድፍን መስክ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ቢሆን አምኜ የምረግጠው ነበር። ሱሪውን ሰብስቦ አንድ እግሩን አወረደ፤ ክብደቱንም ጣለበት።

ድምፅ አልነበረውም። መስኩ ተከፈተና ዋጠው። ነፋስ ነበር፤ ከገደሉ በኩል የሚመጣው የከሰዓት ነፋስ። እምቦጩ ሁሉ አንድ ላይ ተነቃነቀና ተዘጋ። ሸሀቡ የነበረበት ቦታ አረንጓዴ ሆነ። አንድ አበባ እንኳ አልተሰበረም።

ከሥር ብረቱ ጢቅ አለ። ቢላዋው ነው። ሁለታችንም ሰማን።

ቢራራ ዘለለ። እኔ እንጨቱን ይዤ ጀልባዋን ከግንድ ጋር አጣበቅሁ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። በእጆቹ እምቦጩን እየቀደደ፣ በጥርሱም እየነከሰ ወረደ። ጠፋ። ውሃው ተረጋጋ። ጸሎት ጀምሬ መሀሉን ረሳሁት። ከዚያ ከጀልባዋ አጠገብ የሸሀቡ ራስ ወጣ፣ ሥር ተጠምጥሞበት። በኮሌታው ጎተትሁት። ቢራራ ከታች ገፋው። ጀልባዋ ወለል ላይ ወድቆ ጥቁር ውሃ አስታወከ፤ ትንፋሹ ተመለሰ።

«ውጣ» አልሁት ቢራራን።

አልወጣም። እስከ አገጩ ውሃ ውስጥ ሆኖ እጆቹ ከታች ይሄዱ ነበር፤ ይዳብሱ ነበር። ዓይኖቹ የትም አያዩም።

«ቢራራ፣ ውጣ።»

«ቆይ፣ እዚህ ነበር። ልብሱን ነክቼዋለሁ።»

«የነካኸው ሸሀቡን ነው። አውጥተኸዋል። እነሆ፣ ይተነፍሳል።»

እጆቹ አልቆሙም። ሸሀቡ ከወለሉ ተነሥቶ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ በጀልባዋ ጠርዝ ጎንበስ አለና እጁን ዘረጋለት። «ወንድሜ» አለው። ሌላ አላለም። ቢራራ እጁን አየው። ብዙ አየው። ያዘውና ወጣ።

ዳር እስክንደርስ በእንጨት ገፋን። ስንወርድ ቢራራ ከጆንያው ላይ ነጠላውን አነሣ። ቅጠሎቹ ብዙ ሆነዋል።

«ነገ ደባርቅ እንውጣ» አለ። ሸሀቡ ምን እንደሆነ ሲጠይቀው ሁሉንም ነገረው። ሸሀቡ ሊቆጣ ይችል ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ፣ ጆንያው እንዳያንጠባጥብ የሚጠቀልልበት ላስቲክ ሊፈልግ ሄደ።

በመኪና በሊማሊሞ ስንወጣ ቢራራ ከኋላ፣ ከጆንያው ጋር ተቀምጦ ነበር። ደባርቅ ስንደርስ መሸ፤ አደርን። ጠዋት ውርጭ ነበር፤ ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል። ከከተማው ወጣ ብሎ ከጉብታው ላይ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የማውቃቸው ቄስ አሉ፤ መምሬ ሰይፈ ሥላሴ። ከኪዳን ወጥተው ቆሙልን።

«ምን አመጣችሁ?» አሉ።

«ሬሳ የለንም፣ መምሬ» አለ ቢራራ። «የሞተበትን ጭቃ ነው።»

ላስቲኩን ገልጠው አዩ። «ልጄ፣ እኔ ጭቃ አልፈታም።»

ቢራራ ላስቲኩን መልሶ ሊያስረው ጎንበስ አለ። 

«ቆይ እንጂ፤ ምን ያስቸኩልሃል?» አሉት። «ስሙ ማነው?»

«ገዱ።»

«የክርስትና ስሙን ነው የጠየቅሁህ።»

«ገብረ ሕይወት።»

«ፍትሐት በስም ነው። ባሕር ይብላው፣ አውሬ ይብላው፣ ስሙ ካለ ይበቃል። ማንም እስከ ዛሬ አልነገራችሁም?»

«ሬሳ ስላልነበረ አፍረን ጠይቀን አናውቅም።»

መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ሸሀቡ ዞሩ፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር። «አንተስ ልጄ፣ የማን ነህ? እንዲያው ፊትህ የዚህ ደብር አይመስለኝም።»

«እኔ ከሰውየው ጋር ከትናንት ወዲያ ልሄድ የነበርሁ ነኝ፣ አባቴ። ልሸኘው መጣሁ።»

«እንግዲያ መቆፈር ትችላለህ» አሉት። «ከቅጥሩ ውጭ፣ ከዚያ ከድንጋዩ ጀርባ። ጭቃ ከቅጥር አላስገባም። ቦታው ደረቅ ነው፤ ውሃ አይደርስበትም።»

እሳቸው ገብተው በስሙ ፍትሐት አደረሱ። ድምፃቸው እስከ ውጭ ይሰማ ነበር። ሸሀቡ ቆፈረ። ሃና ያለችውን እያሰበ ከወገቡ በላይ እስኪደርስ ቆፈረ። ቢራራ ቅጠሎቹን ከጆንያው ላይ አንድ በአንድ ነቀላቸው። በዚህ ጊዜ እጁ ታዘዘው። ውርጩ ላይ አኖራቸው፤ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሳያልቅ ጠቁረው እንደ ጨርቅ ተኝተው ነበር። ጆንያውን ወደ ጉድጓዱ ሲያወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። እንደ ሰው ለቅሶ ነበር፣ በድምፅ። ሳያውቁት የሚያልፉ ገበሬዎች ቆመው አብረው አለቀሱለት። ማን እንደ ሞተ አልጠየቁም።

ጀልባዋን አወጣናት። ሃና እንዳለችው ፀሐይ ላይ ተገልብጣ ቆየች። ሳንቃዎቹ ተከፈቱ፤ በመጋጠሚያው ሰማይ ይታይ ነበር። ቢራራ ሲያልፍ አያያትም። የማዶውም የወዲህኛውም ሰው ወጥቶ በገመድ ተያይዞ የሰርጡን እምቦጭ ነቀለ። ነቅለን ከፍ ካለው ደረቅ መሬት አውጥተን አቃጠልን። ጢሱ ይከብዳል፤ በልብስ ላይ ይቀራል። ቢራራ ከሁሉ ፊት ነበር። ጥር ሲገባ ውሃው ውሃ መሰለ። እስከ ፋሲካ በሬንጅና በቃጫ መጋጠሚያውን ሞልቶ ጀልባዋን መለሳት። ውሃ ታስገባ ነበር፤ ያም ሆኖ ትሄድ ነበር። መሀል ላይ ሞተር ማጥፋቱን ተወ። በለጠችም ሁለት ሰው አየሁ አትልም። እንደገና ይበላል፤ ትንሽ ወፍሯል።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲያባራ፣ ውሃው ሞልቶ ነበርና የመስኖውን በር ልከፍት ወረድሁ። በሩ ከሰርጡ በጣም ይርቃል፤ ጀልባዋ እዚያ ደርሳ አታውቅም። ከድንጋዩ ሥር፣ ከውሃው ጠርዝ፣ ሁለት ቅጠል ብቻ ያላት እምቦጭ ነበረች። አንገቷ ገና ማበጥ ጀምሯል።

ጎንበስ ብዬ ብዙ አየኋት። ከማዶ ቢራራ ሰው እያሻገረ ነበር። የሚያወራው አይሰማም፤ ሳቁ ግን በውሃው ላይ ይደርሳል።

ነቀልኋት። ሥሯ ቀጭን ነው፣ እንደ ሕፃን ፀጉር። ኪሴ ውስጥ ከተትኋትና ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ፍሙ ላይ ጣልኋት። እስክትጠፋ ቆሜ ጠበቅሁ።

ለቢራራ አልነገርሁትም። ከዚያ ወዲህ እሱ ሳይነሣ ጠዋት ጠዋት ዳር ዳሩን እሄዳለሁ። አንዳንድ ቀን ባዶ እጄን እመለሳለሁ። አንዳንድ ቀን ኪሴ ይርሳል። የት ሄደው ነበር ሲለኝ፣ እግሬን ላፍታታ ነው እለዋለሁ።